ስለ ስንዴ ማዳበሪያ ልክ

በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ ክፍል፥ መርካቶ ውስጥ ያለውን እህል በረንዳን የማያውቅ የለም። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ሥፍራ በመኪና የሚመጣው እህል በዚያ ይራገፋል፤ የከተማው ሕዝብ የሚገዛበት ዋጋም በብዙው በዚያ ይቆረጣል። ነገር ግን በበረንዳው የሚሰማው ዋጋ የሚጀምረው ከበረንዳው አይደለም፤ ገበሬው በማሳው ላይ ከሚፈታው ከማዳበሪያው ከረጢት ነው እንጂ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማዳበሪያ ልክ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ስንዴ አብዝቶ ከሚሻቸው ምግቦች አንዱ ናይትሮጅን ነው። ይህ ነገር በአየር ውስጥ ሞልቶ ሳለ ስንዴው ከአየር ሊወስደው አይችልም። በ1901 ዓ.ም. ፍሪትስ ሀበር የተባለ የጀርመን ሊቅ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ለመለወጥ መቻሉን አሳየ፤ ዩሪያ የሚባለውም ማዳበሪያ ከአሞኒያ ይሠራል። ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። አገራችን ይህን በውጭ ምንዛሪ እየገዛች ከባሕር ማዶ ታስመጣለች፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነቱ በሰፋ ጊዜ ዋጋው እንደ ምን እንደ ናረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቆም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋራ ውል ተደርጓል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ፋብሪካ ማዳበሪያን ያበዛል እንጂ ልኩን አያስተምርም።

ለብዙ ዘመን ለገበሬው የተነገረው ምክር አንድ ነበር፤ ለ1 ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ይህም ሲሰላ 64 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል። ምክሩ ለመያዝ የቀለለ ስለ ሆነ ጥቅም ሰጥቷል። ነገር ግን ዋልካውና ቀዩ መሬት፥ አምና ባቄላ የበቀለበትና ስንዴ በስንዴ ላይ የተዘራበት ማሳ፥ እኩል ምግብ አይሹም። ይህንኑ በማሰብ መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ያገሪቱን አፈር በካርታ የመለየት ሥራ ጀመረ። ካርታው የአፈሩን ጠባይ ይነግራል፤ ዘንድሮ ዝናቡ ምን ያህሉን ናይትሮጅን አጥቦ እንደ ወሰደ ግን አይነግርም።

ይህን የሚጠይቁት ስንዴውን ራሱን ነው። በአሜሪካ አገር የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአዝመራው በላይ ተይዞ ቅጠሉን የሚመረምር መሣሪያ አበጅተዋል፤ በገበያም ግሪንሲከር ይባላል። መሣሪያው የራሱን ብርሃን ወደ ቅጠሉ ይልካል። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይን የማያየውን፥ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን ይመልሳል። መሣሪያው ሁለቱን አመዛዝኖ በቁጥር ያስታውቃል። ብርሃኑ የራሱ ስለ ሆነ የክረምት ደመና አያግደውም።

ቁጥሩ ግን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ስንዴ በዋግም፥ በድርቅም፥ ውሃ በመተኛቱም ይገረጣል፤ መሣሪያውም የመገርጣቱን ምክንያት አይለይም። ስለዚህ በዚያው ማሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ መስመር ተለይታ ናይትሮጅን እንዲተርፋት ይደረጋል፤ ስንዴው ለአገዳ ሲነሣ የቀረው ማሳ ከእርስዋ ጋራ ይመዛዘናል። ልዩነት ከሌለ ተጨማሪ ዩሪያ አያሻም፤ ልዩነት ካለ እንደ ልዩነቱ መጠን ይጨመራል።

በባለጸጎች አገር ይህ ጥበብ የሚፈለገው የበዛውን ማዳበሪያ ለመቀነስ ነው። የእኛ ገበሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው በማነስ ነው። እንግዲህ ለእኛ ጥቅሙ፥ ያለችውን አንዲት ከረጢት ብዙ ፍሬ በምትሰጥበት ማሳ ላይ ማዋል ነው። አፈሩ በኮመጠጠበት አገር ግን አስቀድሞ ኖራ ካልተሰጠ መሣሪያውም ዩሪያውም ድካም ነው።

ደግሞም የገበያው ነገር አለ። ናይትሮጅን በጊዜው ሲሰጥ የስንዴውን ፕሮቲን ያበለጽጋል፤ የዳቦና የፓስታ ፋብሪካም ይህን ይሻል። ነጋዴው ግን ስንዴውን በመዳፉ ዘግኖ በዓይኑ አይቶ በኩንታል ይገዛል እንጂ ፕሮቲኑን አይመዝንም። መልካም ያመረተና ያላመረተ እኩል ከተከፈለው የሚተጋ አይገኝም። ስለዚህ ለማሳው ልክ እንደሚያሻ ለበረንዳውም ልክ ያሻዋል።

ሹማምንቱ እስካሁን የሥራቸውን ውጤት የሚያስረዱት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደ ተከፋፈለ በመቍጠር ነው። የሚበልጠው ጥያቄ ግን ከ1 ኪሎ ናይትሮጅን ስንት ኪሎ ስንዴ ተገኘ የሚለው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ መሣሪያው በብዛት ከመገዛቱ በፊት በቁሉምሳ፥ በሲናናና በአዴት የምርምር ጣቢያዎች ባገራችን ዝርያና አፈር ይፈተን፤ ከዚያ በኋላ ለየገበሬው ሳይሆን ለየቀበሌው ማሠልጠኛ ይሰጥ።

እስከዚያው ድረስ መስመርዋ ያለ መሣሪያም ትሠራለች። 2 ሜትር ወርድና 50 ሜትር ርዝመት ላላት መስመር 2 ኪሎ ዩሪያ ይበቃታል፤ ይህም ከተለመደው ዕጥፍ ነው። ከቀረው ማሳ ይልቅ ለምልማ ከታየች መሬቱ ገና ይሻል ማለት ነው፤ ካልተለየች ከረጢቱ ለሌላ ማሳ ይቀመጥ። የገጠር ካህናት ብዙዎቹ ራሳቸው አራሾች ናቸውና ይህችን መስመር አስቀድመው በየማሳቸው ቢያሳዩ፥ ምእመኑ ከቃል ይልቅ በዓይኑ አይቶ ይማራል።