አዚፋ የሚሠራ ቤት ድሬሲንግ አይገዛም

የሠርግ ቡፌ ላይ ሰላጣ የሚቀመጥበትን ቦታ ያየ ሰው ለቅጠል ያለንን ክብር ይረዳል። መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከሳህኑ ክምር አጠገብ። ተጋባዡ ዓይኑን ወደ ጥብሱ ልኮ ያልፈዋል፤ ቢያነሳም ለወጉ ያህል ነው። ቅጠሉ ከጠዋት ተከትፎ የጠወለገ፣ ሥሩ ውሃ ያቆረ፣ ላዩ ማዮኔዝ የተደፋበት ነው። እንዲህ ያለውን ሰላጣ በሚንቅ ሰው አልፈርድም፤ እኔም እንቀዋለሁ።

የማልቀበለው ንቀቱን ተከትሎ የሚመጣውን ፍርድ ነው፦ «ሰላጣ የፈረንጅ ምግብ ነው፤ የኛ አይደለም።» ይህን የሚለው ሰው ዓርብ ዕለት አዚፋ ሲቀርብለት ከሁሉ ቀድሞ እጁን ይሰዳል። አዚፋ ምንድን ነው? ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድፍን ምስር በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተለውሶ ነው። እስቲ ምስሩን አውጡና የቀረውን ተመልከቱ። የሚኮመጥጥ አለ፣ ቅባት አለ፣ የሚያቃጥል አለ። ፈረንሳዮች ቪኔግሬት የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እነሱ በሎሚው ፈንታ አቼቶ፣ በኛ ሰናፍጭ ፈንታ የዲጆኑን ያደርጋሉ። ሱፍ ፍትፍት የሚሠራ ቤትም ቢሆን፣ ተወቅጦ በውሃ የተጠለለው ነጭ የሱፍ ውሃ እንጀራው ላይ ሲፈስ ያው ድሬሲንግ ነው። እንጀራ ላይ ከፈሰሰ ቅጠል ላይ እንዳይፈስ የከለከለው ማነው?

ሱፐርማርኬት ገብተን ግን በውድ ዋጋ የታሸገውን እናነሳለን። ጀርባውን ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ ስኳር፣ ማወፈሪያና ማቆያ ያገኛል። ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል ስላለበት፣ «የጾም» ተብሎ ካልተሠራ በስተቀር፣ ሰላጣ በብዛት በሚበላበት በጾሙ ወቅት አይሆንም። ሰናፍጩ ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

ሰናፍጭ ጠባዩን የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል። ደረቁ ፍሬ እንዳለ እምብዛም አያቃጥልም። ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው ውስጡ ያለው ኢንዛይም ሥራ ጀምሮ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ኃይል የሚወለደው። ስለዚህ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ገድሎ ምሬቱን ብቻ ያስቀርላችኋል። በሎሚውም አትቸኩሉ። ኮምጣጣ ነገር ሂደቱን ባለበት ስለሚገታው፣ የተበጠበጠው ሰናፍጭ 10 ደቂቃ ያህል ተከድኖ ይቆይ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የልጅ ጨዋታ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ጨው፣ በደንብ ያልደቀቀ ቁንዶ በርበሬ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሁሉንም ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጎ መነቅነቅ ነው። ዘይትና ሎሚ ለብቻቸው ቢተዉ ወዲያው ይለያያሉ፤ ሰናፍጩ እንደ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ያስታርቃቸዋል። ላይና ታች ተከፍሎ የነበረው ፈሳሽ ደፍርሶ፣ ወፈር ብሎ፣ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል ታዩታላችሁ። እርቁ ዘላለማዊ አይደለም፤ ቆይቶ ከተለያየ ደግሞ መነቅነቅ ነው። ዘይቱን በተመለከተ፣ የኑግ ዘይት ጠረኑ ከባድ ስለሆነ ለስላሳውን የሰላጣ ቅጠል ይጫነዋል። ለጎመን ግን ከሱ የተሻለ አላውቅም።

ፍራፍሬው ላይ ስንደርስ ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ማንጎ ከሽንኩርት ጋር! ፍራፍሬ እኛ ዘንድ ወይ በጁስ ቤት ብርጭቆ ስፕሪስ ሆኖ ይጠጣል፣ ወይ ከምግብ በኋላ ይቀርባል። ጁስ ቤቱ ራሱ አቮካዶ ላይ ሎሚ ጨምቆ ሲሰጠን ግን ማናችንም ግር ብሎን አያውቅም። ጣፋጭና ኮምጣጣ አብረው መሄዳቸውን ምላሳችን ድሮ ተቀብሎታል፤ ቅጠሉ ብቻ ነው የጎደለው።

ሁሉም ፍሬ ከሁሉም ቅጠል ጋር አይሄድም። ሰላጣ ቅጠል ውሃማና ለዘብ ያለ ስለሆነ ጠንከር ያለ ማንጎና የሮማን ፍሬ ይስማማዋል። ፈጽሞ የበሰለ ማንጎ አታድርጉ፤ ቦክቶ ሁሉን ነገር ያጨማልቃል። ለጋ ቆስጣ አቮካዶ ይወዳል። ጥሬ ጎመን ደግሞ ደረቅና መራራ ነው፤ መሐሉን አንጓ አውጥታችሁ፣ በቀጭኑ ከትፋችሁ፣ በጨውና በሎሚ ጥቂት እሹት። በእጃችሁ ውስጥ እየለሰለሰ፣ ቀለሙም እየጠቆረ ሲሄድ ይታወቃችኋል። ከዚያ ነጩ ሽፋን የተገፈፈ ብርቱካን ጣል ይደረግበታል። ብርቱካኑ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲው በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ይረዳል። የቅጠሉን ቤታ ካሮቲን ለመውሰድም ቅባት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «ለጤናዬ» ብሎ ዘይት ጨርሶ የሚተው ሰው ከቅጠሉ የሚያገኘውን ጥቅም ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ፓፓያ የሚጨምር ሰው ጥቁሩን ፍሬ ሁሉ አይጣለው። አኝካችሁ ብታዩት እንደ ሰናፍጭ ያቃጥላል፤ ጥቂቱን ወቅጦ በቁንዶ በርበሬ ቦታ ማድረግ ይቻላል።

ጥሬ ቅጠል የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ አልሳለቅባቸውም። ጉሊት ላይ «ይሄ ሰላጣ ከየት ነው የመጣው?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ከአትክልት ተራ ነው ልጄ፣ ዛሬ የገባ» የሚል ነው። ከአትክልት ተራ በፊትስ? በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ብዙ ቅጠላ ቅጠል ይለማል፤ ወንዙ ደግሞ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ተመራማሪዎች በዚያ ውሃ በበቀለ አትክልት ውስጥ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። አሜባና ጃርዲያን ለመከላከል ቅጠሉን አንድ በአንድ ፈልቅቆ፣ በንጹሕ ወራጅ ውሃ ፊትና ጀርባውን ማጠብ ይጠቅማል። አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ይህን አይተካም። ቅጠሉ በሥሩ የመጠጠውን ብረት ግን የትኛውም አጠባ አያወጣውም። ይህ የቤት እመቤት ጣጣ ሳይሆን የከተማው አስተዳደር ዕዳ ነው፤ አትክልቱ የት ማሳ ላይ፣ በምን ውሃ እንደበቀለ ገዢው የማወቅ መብት ሊኖረው ይገባል።

እስከዚያው ከተቻለ ከምታውቁት ማሳ ግዙ። በረንዳ ያለው ሰው በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ ዘሩን ይበትን፤ ሰላጣ በሁለት ወር ግድም ለገበታ ይደርሳል። ያጠባችሁትን ቅጠል በንጹሕ ፎጣ አድርቁት፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ድሬሲንግ አይዝም። ጠርሙሱንም እንግዳው እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ አትክፈቱት፤ ጨውና ሎሚ ቀድሞ የነካው ሰላጣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ይጠወልጋል።