እርሙን ያላወጣ መንገደኛ

ልብን የሚያንጠለጥል ታሪክ ለመጻፍ የበረዶ ተራራና የመውጫ ገመድ ያስፈልጋል የሚሉ ደራስያን አሉ። እኛ ይህን አሳብ ከቶ አንቀበለውም።

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬና በኢሉባቦሯ ቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው የሌላ አገር ገደል አይበደርም። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ላይ በባሮ ዳር ትገኛለች። በ1894 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በዚህ ቁልቁለት ይወርድ ነበር፤ ወንዙም በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ደገኛው መንገደኛ ከገደሉ ይልቅ ከታች የሚጠብቀውን ንዳድ ይፈራ ነበር።

ይሁን እንጂ ገደልና ንዳድ ብቻቸውን ታሪክ አይሆኑም። ሰውየው ስለ ምን ይወርዳል?

በ1928 ዓ. ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ጊዜያዊው መንግሥት በጎሬ ተቀመጠ። ጎሬም በኅዳር 1929 ዓ. ም. ተያዘች፤ ልዑል ራስ እምሩም በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በእንዲህ ያለ ሽሽት በየዱሩ የቀረውን ሰው ማን ቀበረው? ማንስ አለቀሰለት?

አባቶቻችን ለዚህ ሕመም መድኃኒት ነበራቸው። ሬሳው ባይገኝም ዘመድ ተሰብስቦ፥ ልብሱንና መሣሪያውን አውጥቶ፥ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። እርሙን ያላወጣ ሰው ግን ደጁ በተንኳኳ ቍጥር ይነሣል፤ በመንገድ ያየው ጀርባ ሁሉ የወንድሙ ጀርባ ይመስለዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ከቡሬ ቁልቁል አስኪዱት። ተመለስ ያለውን ሁሉ እንደ ጠላት ያያል፤ መንገድ መሪው ቢያዝንለት ይጠረጥረዋል፤ የወንድሙን ሞት ከማመን ገደል መግባት ይቀለዋል። አንባቢው እግሩ ይንሸራተት ይሆን ብሎ ሲሰጋ፥ የሰውየው ልቡ አስቀድሞ ተንሸራትቷል።

ይህ ለቅሶ እንጂ ልብ ወለድ አይደለም የሚሉን አይጠፉም። እኛም የምንመልሰው፥ የገዛ ቤታቸውን ለቅሶ ለመጻፍ የፈሩ ሰዎች በባዕድ በረዶ ውስጥ ተሸሽገዋል ብለን ነው። ቁልቁለቱ ከደጃችን ነው፤ ሐዘኑም የራሳችን ነው። ደራሲ የጠፋው ለምንድን ነው?