አስቁን እንጂ አትሳቁብን

ዛሬ የምጽፈው በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ስለሚቀለዱ ቀልዶች ነው።

እኔ ቀልድ የሚችል መምህር እወዳለሁ። የአማርኛ መምህራችን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «እኔ ሰፊ ነኝ» ብለው ጻፉና «ልብስ እሰፋለሁ ማለቴ ነው ወይስ በበር አልገባም?» አሉን። እሳቸው ደሞ በጣም ቀጭን ናቸው! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ፊ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለያይ ከዚያ ወዲህ የረሳ የለም። ሌላ ጊዜ አንድ ልጅ «ተራዬ ነው!» ብሎ ሲጮህ «የቱ ተራ? ሸማ ተራ ነው ቦምብ ተራ?» አሉት። ለመርካቶ ልጅ ይሄ ቀልድ አያረጅም።

ግን ሌላ ዓይነትም አለ። ቤታቸው ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚያወሩ ብዙ ልጆች አብረውን ይማራሉ። አንዱ ሲያነብ ምላሱ ሲያዝ፣ አነጋገሩን አስመስሎ የሚደግም መምህር አለ። በዚያው ቃል ቅጽል ስም ይወጣለታል። ክፍሉ ይስቃል። ልጁም ይስቃል፣ ምን ያድርግ? በማግስቱ «ማን ያንብብ?» ሲባል ግን እጁን አያወጣም። ቋንቋ ደግሞ ሳይናገሩት አይለመድም።

አንዳንድ ሰው እስልምና ቀልድ አይወድም ይላል። ልክ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር። አንድ ሰው የሚጋልበው ሲለምናቸው የግመል ልጅ እሰጥሃለሁ አሉት። ሰውየው ትንሽ መስሎት ምን ያደርግልኛል ሲል፣ ትልቁስ ግመል ከግመል አይደል እንዴ የተወለደው አሉት። አያችሁ፣ የ«ሰፊ» ቀልድ ዘመድ ነው። የተቀለደው በቃሉ ነው፣ ውሸትም የለበትም።

በሰው መሳለቅንና በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ግን ቁርኣን በሑጁራት ምዕራፍ (49፥11) ይከለክላል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት በሆኑበት ሰፈር ሁላችንም አንድ ክፍል ነው የምንቀመጠው፤ ቅጽል ስም ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ያማል።

«ነገ ፈተና ነው» ብሎ አስደንግጦ «ቀልዴን ነው» ማለትስ? ለማሳቅ ብሎ መዋሸት በሐዲስ የተወገዘ ነው። (እኔ ያን ማታ እራት አልበላሁም።)

መምህራኖቻችን፣ ቀልዱን እንዳትተዉብን። ብቻ ቃሉ ላይ ይሁን፣ ወይ እንደ አማርኛ መምህራችን ራሳችሁ ላይ።

ተማሪዎች ደግሞ «ዋና» እና «ገና» በሚሉት ቃላት የተሠራ ቀልድ ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ለክለቡ ስጡ። የልጅ ስም ያለበት አይወጣም።