“ኪቦርድ ዘፈናችንን ገደለው” ለምትሉ ሁሉ

ይቺ ክስ ከኛ ዕድሜ ትበልጣለች። በየሬዲዮው፣ በየካፌው፣ በየታክሲው ትደጋገማለች፤ “ድሮ ባንድ ነበር፣ ትራምፔት ነበር፣ ሳክስፎን ነበር፤ ከዚያ አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ተሸክሞ መጣና ሁሉን ጨረሰው!” እኛ ደግሞ ያደግነው ያ ሰውዬ ከመጣ በኋላ ነው። በልጅነታችን ያየነው የሰርግ ቪዲዮ ሁሉ ድምፁ የሱ ኪቦርድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለተከሳሹ ጥብቅና እንቆማለን። (ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ሲንተሳይዘር ምን አገባችሁ የሚል ካለ፣ ጋዜጠኛን የማያገባው ነገር የለም ተብለን ነው የተመረቅነው።)

መጀመሪያ አንድ ምስክር እንጥራ። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀዱ። አኮርዲዮን አለ፣ ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ፣ ሲንተሳይዘርና ምት የሚመታ ማሽን አለ። ባንድ የለም፣ ትራምፔት የለም። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ አገር ወጣት ሁሉ ተንጫጫበት፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ የነበሩት ጋሽ ኃይሉም ወደ ትልልቅ መድረኮች ተመለሱ። ገዳዩ ማሽኑ ቢሆን ኖሮ ይሄ ካሴት ሬሳ መሆን ነበረበት። አይደለም፤ ስሙትና ፍረዱ።

ታዲያ ሬሳው ከየት መጣ? ጣታችንን የምንቀስረው ፕሪሴት ወደሚባለው ነገር ነው። ፋብሪካው አስቀድሞ ሠርቶ፣ ስምና ቁጥር ሰጥቶ ከማሽኑ ጋር የሚሸጠው ድምፅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 አንዱ ሞገድ ሌላውን እንዲያርገበግበው በማድረግ ድምፅ የሚፈጥር ድንቅ ማሽን ነበር፤ ዘዴውን ያገኘው ጆን ቻውኒንግ የሚባል የስታንፎርድ ሰው ነው። ግን ድምፁን መለወጥ የሚቻለው በአንዲት ጠባብ ስክሪንና በተደረደሩ ቁልፎች ስለነበር ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፋብሪካው የሰጠውን ይዞ ኖረ። የአሜሪካን የሰማንያዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ስሙ፤ ያ የሚያብረቀርቅ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ከዘፈን ዘፈን እየዞረ ይመጣላችኋል። እንግዲህ በሽታው የኛ ብቻ አይደለም።

የኛ ግን ዕጥፍ ነው። ምክንያቱም ኪቦርዱ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ቅኝቱንም ቆርጦ ሰፍቶ ነው የመጣው። አንድ ኦክታቭ በ1200 ሳንቲም ይለካል ይላሉ ባለሙያዎቹ (የኪስ ሳንቲም አይደለም፣ የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው)። ኪቦርዱ ይሄን በ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 100። ክራር ደርዳሪ ግን ገመዱን የሚወጥረው በጆሮው ነው፤ እጁ 100 ላይ የሚቆምበት ሕግ የለም። ትዝታ በኪቦርድ ሲመታ ብዙም አይከፋውም። አንቺሆዬ ግን ይከፋዋል። ያቺ ልብን የምታሳክክ ጠባብ ርቀት በኪቦርዱ ላይ ተስተካክላ፣ ተተኩሳ፣ የቢሮ ሸሚዝ መስላ ትወጣለች። ወገን፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆን ጊዜ አንቺሆዬን በውሰት ሚዛን ስንመዝን ኖረን “ማሽኑ ስሜት የለውም” እንላለን! ማሽኑን ማን ስሜት ጠየቀው?

አሁን ደግሞ ሰበብ አለቀ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 ጉግል የሮበርት ሙግን 78ኛ ልደት ሲያከብር የፍለጋ ገጹን ለአንድ ቀን የሚሠራ ሲንተሳይዘር አደረገው፤ ብዙው ሰው ተጫውቶበት ሳቀና አለፈ። ከቀልዱ ጀርባ ግን ብራውዘር ራሱ ድምፅ እንዲፈጥር የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ የድረ ገጽ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ ላፕቶፕ ያለው ሰው ምንም ሳይጭን፣ ምንም ሳይገዛ፣ የተሰበረ ሶፍትዌር ከጓደኛ ፍላሽ ላይ ሳይገለብጥ ሲንተሳይዘር ከፍቶ መሥራት ይችላል። አብልተን የተባለው ኩባንያ ከዜሮ የሚያስተምር ገጽ በነፃ ከፍቷል። “ኢንተርኔቱስ?” የምትሉ፣ ገጹ አንዴ ከተከፈተ ድምፁ የሚሰላው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቁልፍ በነካችሁ ቁጥር ካርድ አይበላም። አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ የምታዩበት ዳታ ለሳምንት ሙከራ ይበቃል።

ከፍታችሁ ምን ታገኛላችሁ? አራት ጥሬ ሞገዶች፤ ሳይን፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ የመጋዝ ጥርስ። ለኛ ትልቁ ግኝት የመጨረሻው ነው። የማሲንቆ ደጋን የፈረስ ጭራውን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፤ ይሄ ያዝ ለቀቅ በሥዕል ሲወጣ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ቫዮሊንም እንደዚያው ነው። ማለትም የማሲንቆ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካው ውስጥ ሁልጊዜም ነበር፤ የጎደለው የሚቀርጸው እጅ ነው። ማሲንቆውን ማሲንቆ የሚያደርገው ቆዳ የተለበጠው ሳጥን ነው፤ እሱን በፊልተር ትጠጉታላችሁ፣ አንዳንዱን ድግግሞሽ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጋችሁ። ክራር ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ካርፕለስና ስትሮንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች ያሳተሙት ቀላል ዘዴ አለ፤ ቅንጣት ሹክሹክታ በአጭር መዘግየት ውስጥ እየዞረች፣ በዞረች ቁጥር ጠርዟ እየለሰለሰ የተመታ ገመድ ትሆናለች።

በገና ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዝራ፣ ቁራጭ ቆዳ፣ ያን ንዝረት ትሰጠዋለች። የተለመደው የገመድ ፕሪሴት ፊልተሩን ወዲያው ስለሚዘጋው ብሩህነቱ በቅጽበት ይሞታል፤ ጊታር ይሆናል። የፊልተሩን መዘጊያ ጊዜ አርዝሙት፣ ንዝረቱ እንዲቆይ ተዉት፤ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር ይገባል። (የበገናን ድምፅ ለጭፈራ ቤት አውጡት አላልንም። አባቶች እንዳይቆጡን።)

እዚህ ላይ በራሳችን ትውልድ ላይ እንዙር፤ ሽማግሌዎቹን ብቻ መነካካት ፍርሃት ነውና። “ሀበሻ ፓክ አለህ?” “የማሲንቆ ሳምፕል ላኪልኝ።” ይሄ ነው የኛ ድምፅ ፈጠራ። ያ ማሲንቆ ማን እንደመታው፣ የት እንደተቀዳ፣ ስንት እንደተከፈለው የሚጠይቅ የለም። አንድ ሰው የሆነ ቀን የመታው አራት ሰከንድ በየማስታወቂያው፣ በየድራማው መግቢያ፣ በየዘፈኑ እየተጎተተ ይኖራል። አባቶቻችን የጃፓን ፕሪሴት ተጠቀሙ ብለን እንስቃለን፤ እኛ የማናውቀውን ሰው እጅ ፕሪሴት አደረግነው። ማሲንቆ ያስፈለገው ማሲንቆ መቺ ይጥራ፣ ይክፈለው፣ ስሙን ይጻፍ። ያ ካልተቻለ የራሱን ድምፅ ይፍጠር። ሦስተኛው መንገድ የሌላውን ሰው አራት ሰከንድ መብላት ነው።

“ደንበኛው ነገ ይፈልገዋል፣ ማን ቁጭ ብሎ ሞገድ ይቀርጻል?” የሚለው መልስ የስቱዲዮ ሰዎች ነው፤ ይገባናል፣ ኪራይ አለባቸው። ግን የቀረጻችሁት ድምፅ ይቀመጣል። አንድ ምሽት የጠፋበት ድምፅ ለሚቀጥሉት ሃያ ሥራዎች ያገለግላል፣ ደግሞም ጎረቤት ስቱዲዮ የለውም።

ቅኝቱስ? እሱም ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኢራቅ ትውልድ ያለው ሙዚቀኛ ኪያም አላሚ ካውንተርፖይንት ከተባለ ቡድን ጋር ሆኖ ሌይማና አፖቶሚ የተባሉ ሁለት ነፃ መሣሪያዎች ብራውዘር ላይ አወጣ። በሌይማ የራሳችሁን ቅኝት በሳንቲም እየለካችሁ ትሠራላችሁ፤ አፖቶሚ በዚያ ቅኝት ሙዚቃ ያፈልቃል። አላሚ የተነሳው እኛ ከምናማርረው ነገር ነው፤ የሙዚቃ ሶፍትዌር የምዕራቡን ቅኝት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥሮ የአረቡን ዜማ ሲያንጋድደው ሰለቸው። እሱ አማርሮ መሣሪያ ሠራ። እኛ አማርረን ሬዲዮ ላይ ደወልን።

አንድ ነገር ብቻ፤ በስልክ ስፒከር አትሞክሩት። የበገና ታችኛው ጅማት በዚያች ቀዳዳ አይወጣም፤ ንዝረቱ ብቻ እንደ ዝንብ ይሰማችኋል፣ ከዚያ “አልሠራም” ትሉናላችሁ። መርካቶ የሚሸጠው ርካሹ የጆሮ ማዳመጫም ቢሆን ይሻላል።