ሌሊት ስለሚያሳክካቸው ሕፃናት

በጥንታውያን መንደሮች፣ እኅትና ወንድም ባንድ ፍራሽ ተቃቅፈው በሚያድሩባቸው ጠባብ ቤቶች፣ ሕፃን በመንፈቀ ሌሊት መቀመጫውን እያከከ ሲያለቅስ፣ ልጂቱም በሸናች ቁጥር «አቃጠለኝ» ስትል፣ ነገሩን በብርድ ወይም በምች ማመካኘት የተለመደ ነው። የሌሊቱ ማሳከክ ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ነጭ ክር የቀጠነች የአንጀት ትል ናት፤ እንስቲቱ ሌሊት ወጥታ በፊንጢጣ ዙሪያ ዕንቁላሏን ስትጥል፣ ባትሪ አብርቶ የተመለከተ ወላጅ በዓይኑ ሊያያት ይችላል፤ አልፎ አልፎም ወደ ሴት ልጅ ኀፍረተ ሥጋ ተሻግራ ልጂቱ ስትሸና እንዲያቃጥላት ታደርጋለች። ዕንቁላሉ በጥፍር ሥር ተሸሽጎ ወደ አፍ ስለሚመለስ፣ በአንሶላም ላይ እስከ 3 ሳምንት ስለሚቆይ፣ የታመመውን ብቻ ማከም አይበቃም። ኮሶ ለዚህ መድኃኒት አይደለም፤ ሕፃንንም ይጎዳል። ሐኪም የሚያዝዘው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ለቤተ ሰቡ ሁሉ ባንድ ቀን ተሰጥቶ ከ2 ሳምንት በኋላ ሊደገም፣ ጥፍር ሊቆረጥ፣ አንሶላም በሙቅ ውሃ ሊታጠብ ይገባል። ትኩሳት ከተጨመረበት የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ወላጆች ሆይ፣ ሳታፍሩ፣ ሳይውል ሳያድር ልጃችሁን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ።