ከመንገድ የተባረሩት ተንሸራታቾች

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያደጉ ከሆነ የኩሽኔታ ጋሪን አይረሱትም። ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ኩሽኔታ፣ አንድ ጣውላ፣ ለመሪ የሚሆን ገመድ፤ ከዚያ ከእንጦጦ የሚወርደውን አስፋልት ቁልቁል መለቀቅ ነው። ፍሬኑ የጫማ ሶል ነበር። (ሶሉ ያለቀበትን ልጅ ቤት ምን እንደሚጠብቀው ያውቁታል።)

በክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ቦይ ውስጥ ሲምዘገዘግ የሚያዩት ቦብስሌይም አጀማመሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ ያረፉ እንግሊዛውያን የሆቴል እንግዶች ሥራ ቢያጡ የዕቃ ማመላለሻ መንሸራተቻዎችን ያዙ። መሪ አበጁላቸውና በከተማዋ ጠባብ መንገዶች ወረዱባቸው። እግረኛ እየተገጨ ነዋሪው አማረረ። የኩልም ሆቴል ባለቤት ባድሩት ግን እንግዶቹንም ጎረቤቶቹንም ማጣት አልፈለገም፤ ከመንገድ ወጣ ያለ የራሳቸው መንሸራተቻ አሠራላቸው። በፈረንጆቹ 1897 የመጀመሪያው ክለብ እዚያው ተቋቋመ። በ1904 የተከፈተው የውድድር ቦይ ዛሬም በየዓመቱ ከበረዶና ከውኃ እንደ አዲስ ይሠራል።

ስሙም የመጣው ተሳፋሪዎቹ ፍጥነት ለመጨመር ወደፊትና ወደኋላ ሲወዛወዙ ከሚያሳዩት እንቅስቃሴ ነው። ስፖርቱ በ1924 ሻሞኒ ላይ ኦሎምፒክ ገባ፤ ሴቶች ግን እስከ 2002 ጠብቀዋል። ክብደት ያለው ቡድን ቶሎ ስለሚወርድ በ1952 የክብደት ገደብ ወጣ። እኛስ ወፍራሙን ልጅ ከኋላ የምናስቀምጠው ለዚሁ አልነበረም?

በረዶ የሌለበት አገር ምን አገባው እንዳይሉ። ጃማይካ በ1988 ካልጋሪ ላይ የተሰለፈችው፣ ሁለት አሜሪካውያን የአገሬው ሰው በጋሪ ቁልቁለት ሲወዳደር አይተው ባመጡት ሐሳብ ነው። የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ ወክሏል።

ዛሬ የእንጦጦ መንገድ የሚኒባስና የጭነት መኪና ነው። ልጅ እዚያ በጋሪ ሲወርድ ማየት ያስደነግጣል፤ ጋሪውን ነጥቆ ቤት መዝጋትም ይቀላል። እኔ ግን የባድሩትን መንገድ እመርጣለሁ፦ እሁድ ጠዋት፣ መኪና የማይገባበት አጭር ቁልቁለት፣ ሄልሜት፣ በጫማ ሶል ሳይሆን በእንጨት የሚያዝ ፍሬን፣ ታች ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አዋቂ። ኩሽኔታውን ሰፈርዎ ያለው ጋራዥ አይነፍግዎትም።