ምጣዳችን መብራት ሲበላ ሕጉ የት ነበር?

ሰሞኑን ለእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገዛ አዳማ ገበያ ወጣሁ። ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ዋቱን ተወው፤ ቶሎ ይግላል» አለኝ። ገልብጬ አየሁት። መለያ የለው፣ ቁጥር የለው። ከሸክላው ሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር አልተደረገበትም፤ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እንጀራውንም ወለሉንም እኩል ያሞቃል፤ ሒሳቡ ግን የሚመጣው ለእናቴ ነው።

ነገሩ የአንድ ጓዳ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የአዳማ አንድና ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አቅም ተደምሮ 204 ሜጋዋት ነው። አካፍሉት፦ 58 ሺህ ገደማ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ የሁለቱን ሙሉ አቅም ጠርጎ ይወስዳል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ሁሉም ቤት የሚጋግረው በአንድ ሰዓት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ። ለእንጀራ ምጣድም ዝቅተኛ የኃይል ቁጠባ ደረጃና መለያ ተዘጋጅቶለታል። ግን ወረቀቱ አዲስ አበባ፣ ምጣዱ አዳማ! ታሪፉ ሲሆን ግን መንገዱ አልጠፋውም፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ሞጆም፣ መተሐራም፣ ባቱም ደርሷል።

«ደረጃ ከተጣለ ምጣድ ይወደዳል፣ ብየዳ ቤቶች ይዘጋሉ» የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ደረጃውን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አይደለም። ለሠሪዎቹ የመሸጋገሪያ ጊዜ፣ ሥልጠናና ብድር ስጡ፤ ከዚያ በኋላ መለያ የሌለው አይሸጥ። ምጣድ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፣ ሒሳቡ ግን በየወሩ ይመጣል።

መንግሥት ሲፈልግ ይችላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኃይል እጥረት ሲያስጨንቀው የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነጻ አድሏል። ጋናም ኃይል የሚጨርሱ ያገለገሉ ፍሪጆች እንዳይገቡ በሕግ ከልክላለች።

እናቶቻችንን «ቆጥቡ» ማለት ቀላል ነው። ቆጣቢ ምጣድ ገበያው ላይ ተለይቶ ሳይታወቅ ግን በምኑ ይቆጥቡ? ታሪፉን ለመጨመር የደረሰ መንግሥት፣ ምጣዱን ለመፈተሽም ይድረስ።

እናንተ ቤት ያለው ምጣድ ስንት ዋት ነው? እስኪ ገልብጣችሁ እዩት።